የአዴ ጫልቱ ወይራ

ልጅ ሳለሁ እኔና እህቴ አጥብቀን የምንመኘው ነገር ቢኖር የጋሽ ወርቅነህ መሮ ቶሎ እንዲዶለዱም ነበር። ጋሽ ወርቅነህ የአቃቂ ጎረቤታችን ናቸው፤ ከብረታ ብረት ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጓሯቸው ውስጥ በአሮጌ የወፍጮ ሞተር የሚዞር ቶርኖ ሠርተው፣ ጉጥና ጠማማ እንጨት እያሽከረከሩ በመሮ የጌጥ ዋንጫና ገበቴ ያወጡ ነበር። ተረት አዋቂም ነበሩ። ችግሩ፣ እንጨቱ እየዞረ ትንፍሽ አይሉም፤ «ስንጥቅ ካለው በድምፁ ነው የማውቀው፣ ልስማበት!» ይሉናል። ተረቱ የሚቀጥለው ሞተሩን አጥፍተው መሮውን ሲስሉ ብቻ ነበር። ጦጣዋን ዳኛ ፊት ያቆሟታል፤ ልትናገር አፏን ስትከፍት መሮው ተስሎ ያልቃል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ እኛም ከጦጣዋ ጋር አፋችንን ከፍተን እንቀራለን!

ስለዚህ ያኔ እንጨት የምንመርጠው በተረት ነበር። ዋንዛ ለስላሳ ነው፣ መሮ አይጎዳም፣ ምን ያደርግልናል? ወይራ የመጣ ቀን ግን ሠርግና ምላሽ ነው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አዴ ጫልቱ መጡ። ቱሉ ዲምቱ የነበረው የእርሻ ቦታቸው ለኮንዶሚኒየም ተወስዶ፣ አቃቂ ልጃቸው ቤት የገቡ ባልቴት ናቸው። ከደጃቸው ከተቆረጠው ወይራ ያስቀሩት አንድ ግንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጋሽ ወርቅነህ ዘንድ በፍቅፋቂ ተቀብሮ ሲደርቅ ከርሞ፣ ያን ዕለት ገበቴ ሊሆንላቸው ነው።

«ከቤቴ የቀረኝ እሱ ነው፤ አደራ፣ እንዳታበላሽብኝ» አሉ በርጩማው ላይ እየተቀመጡ።

ጋሽ ወርቅነህ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቀልዱ ነበር። ያን ቀን «እግዜር ያውቃል፣ አዴ» ብቻ አሉ። ፈርተዋል።

የወይራው ፍቅፋቂ አጠገባችን ባለው ምድጃ ፍም ላይ እየጨሰ፣ ቢጫዋ አምፖል ሞተሩ በተነሳ ቁጥር እየደበዘዘች፣ እንጨቱ መልኩን ማውጣት ጀመረ፤ ማር የመሰለ፣ ጥቁር ጥቁር ሰረዝ ያለው። ከውጭ ቅርጹን ይዞ ውስጡ እየተቦረቦረ ሳለ ድንገት ቋ! አለና መሮው ከጋሽ ወርቅነህ እጅ ተፈናጠረ። «ምነው ጌታዬ!» ብለው ሞተሩን አጠፉ። የመሮው ጫፍ ተሸርፏል። እኔና እህቴ ረጅም ተረት መጣ ብለን ተያየን።

ተረት ግን አልመጣም። ጋሽ ወርቅነህ መነጽራቸውን አድርገው፣ በትንሽ መሮ ቀስ እያሉ ፈልፍለው፣ ከገበቴው ጎን የዛገ ሚስማር አወጡ። ዙሪያው ያለው እንጨት ከሰል መስሏል፤ ቀዳዳው ወዲያ ማዶ ያሳያል። ሚስማር ዛፍ ሆድ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ ብለን አንገታችንን አሰገግን። አዴ ጫልቱ ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ደግመው ጠረጉት።

«ባሌ ፋኖስ የሚሰቅልበት ነው» አሉ። «ከአቃቂ ገበያ ስመለስ ሲመሽብኝ በሩ እንዲታየኝ ያንጠለጥልልኝ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ለስንት ዓመት ፋኖስ አልሰቀልኩም። ኋላ ልጄ ማምሸት ሲጀምር ልስቀልለት ብዬ ብዳብስ ብዳብስ፣ ሚስማሩ የለም! ማን ነቀለብኝ ብዬ ስንቱን ጎረቤት ረገምኩት። ለካ ወይራው ነው የዋጠው።» ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሱ።

ጋሽ ወርቅነህ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። «አይዞዎት፣ አዴ። በእንጨት ብናኝና በኮላ እደፍነዋለሁ፤ ማንም አያውቅበትም።»

«እንዳትነካው!»

«ውኃ አይዝልዎትም እኮ።»

«ውኃ በብርጭቆ እጠጣለሁ» አሉና ገበቴውን እቅፋቸው ውስጥ አስገቡት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተረት ሰምቻለሁ፤ አብዛኛው ጠፍቶብኛል። የቀረኝ አንድ አመል ነው። በሚኒባስ ሳልፍ መንገድ ዳር አሮጌ ዛፍ ሲቆረጥ ካየሁ አንገቴን አውጥቼ አያለሁ፤ ማን፣ ማንን ሲጠብቅ፣ ምን ሰቅሎበት ነበር ይሆን እላለሁ።