የመጨረሻዋ ላም

ዶክተር ነኝ ያለች እንደሆነ ሰው ወገቡን ይዞ ሕመሙን ይዘረግፍላታል። የከብት ዶክተር ነኝ ስትል ደግሞ ስለ ውሻው ይጠይቃታል። እሷ ግን ለሰውም ለውሻም የምትሆን አይደለችም። ሥራዋ የሞተ ከብት ከፍቶ የገደለውን ነገር መፈለግ ነው። ከእንስሳት በሽታ ምርምር ማዕከሉ በስተጀርባ ወለሉ ወደ ቦይ ያዘነበለ፣ ከጣሪያው የብረት መንጠቆ የተንጠለጠለበት ክፍል አለ፤ የዕድሜዋን ግማሽ የጨረሰችው እዚያ ነው፣ በጎማ ቦት ጫማና በረጅም የላስቲክ ሽርጥ። ወንድሟ ለሰው ሲያስተዋውቃት «እህቴ ሐኪም ናት፤ ካልሞቱላት ግን አታክምም» ይላል። ሌላ ሰው ቢላት ታኮርፍ ነበር፤ እሱ ሲላት ግን ትስቃለች።

ወንድሟ ታላቋ ነው፣ «ጋሼ» ነው የምትለው። አባታቸው ሲሞት ደብተሩን ወርውሮ የሰው ላም ማለብ ጀመረ፤ እሷን ያስተማራት በዚያ እጁ ነው። ውለታውን አንድ ቀን አንስቶባት አያውቅም፣ አለማንሳቱም ከማንሳቱ በላይ ይከብዳት ነበር። ኋላ ላይ ከከተማው ጫፍ ላይ የራሱን በረት ሠራ። ወለሉን ሲሚንቶ አደረገ፣ ላሞቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ፣ ወተቱን በየጠዋቱ ለሰፈሩ የወተት መሰብሰቢያ ማስረከብ ጀመረ። መሰብሰቢያው በር ላይ የሌላው ሰው ወተት በመለኪያ ሲመረመር የእሱን ቆርቆሮ ሳይከፍቱ ያሳልፉት ነበር ይባላል። ሰውየው በዚህ የሚኮራውን ያህል በልጆቹም አይኮራም።

አንድ ጠዋት ስልክ ደወለላትና «ላሞቼ አልነሳ አሉኝ» አላት። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

ስትደርስ ሦስቱ ተዘርግተዋል፣ አንዷ ሞታለች። የቀሩትም ጉልበታቸው እየከዳቸው ነው። ዓይናቸው ንቁ ነው፤ ሰው ሲገባ ይከተላል። ምላሳቸው ግን ከአፋቸው ተንጠልጥሎ ይዝረበረባል፣ ጎትተው ወደ ውስጥ ሊመልሱት አልቻሉም። ወንድሟ እጅጌውን እንደጠቀለለ ነበር።

«የሆነ ነገር አንቋት መስሎኝ እጄን እስከ ክርኔ ጉሮሮዋ ውስጥ ከትቼ ፈለግሁ» አላት። «ባዶ ነው። አንዷንም አየሁ፣ ሌላዋንም አየሁ፤ ባዶ ነው።»

እጁን አየችው። ጣቶቹ በጥርስ ተቧጭረዋል። ክው አለች። መዋጥ ያቃታት፣ ምራቋ የሚዝረበረብ፣ እግሯ የከዳት ላም ስታይ ማንም የከብት ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው የእብድ ውሻ በሽታን ነው። በምራቅ በቁስል ይተላለፋል፤ በሰው ላይ አንዴ ከታየ ደግሞ መድኃኒት የለውም። እሷም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ላም አልታያትም፤ የታያት የወንድሟ እጅ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ ታጠብ። በሳሙና፣ ደጋግመህ። ከዚያ ሆስፒታል ሄደህ ትወጋለህ።»

«ላሞቼስ?»

«ላሞችህን እኔ አያለሁ አልኩህ!»

ጮኸችበት። በሕይወቷ ጮኻበት አታውቅም ነበር። የወንድሟ ሚስት ባሏን እየጎተተች ወሰደችው፤ እሷም ቢላዋዋን አውጥታ ሥራ ጀመረች።

በማዕከሉ አንድ ደንብ አለ። ከእያንዳንዱ በድን ሁለት ዓይነት ናሙና ይወሰዳል። አንዱ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ ሥጋው ሳይበሰብስ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ። ሌላው ጥሬውን በበረዶ ይቀመጣል፣ ለጀርምና ለመርዝ ምርመራ። አዲስ ለሚቀጠሩት ይህን የምታስተምረው እሷው ናት፤ የረሳ ካለም በሰው ፊት ታሸማቅቀዋለች። እሷ ራሷ ግን ያን ቀን አንጎሉን አውጥታ ለእብድ ውሻ ምርመራ በወጉ ካሸገች በኋላ የቀረውን፣ ጉበቱንም፣ አንጀቱንም፣ የጨጓራውንም ይዘት፣ እንዳለ ፎርማሊን ውስጥ ከተተችው። ልቧ ሆስፒታል ነበር፤ እጇ ብቻውን ሠራ። ከዚያ «በሽታው ሰው ላይ ሳይደርስ» ብላ በድኑን፣ ተከታትለው የሞቱትንም ሳትከፍት፣ አስቃጠለች። ገለባውን አስቃጠለች። ከግርግዳው ሥር የተደረደረውን የመኖ ጆንያም፣ የተከፈተውን ካልተከፈተው ሳትለይ፣ አስቃጠለች። ጥንቁቅ ሰው አይደለች! አመድ እስኪሆን ቆማ አየች።

የአንጎሉ ውጤት መጣ፤ የእብድ ውሻ በሽታ የለም። ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን አለቀሰች፤ የደስታ ልቅሶ ነው። ለወንድሟ ደውላ «ተርፈሃል» ስትለው እሱ «እነሱ ግን አለቁ» አላት። እውነቱን ነው። አንዷ ብቻ ቀርታለች፤ «እሜቴ» እያለ የሚቀልድባት፣ ካልተለመነች የማትታለብ ኩሩ ላም። እሷም ተዘርግታለች።

በዚያው ሳምንት የባክቴሪያ ክፍሉ ባለሙያ በሯ ላይ ቆመ። ረጋ ያለ፣ ሰው ላይ የማይፈርድ ሰው ነው።

«ይሄ ነገር የመኖ መርዝ ነው የሚመስለኝ» አላት። «መኖው ውስጥ ነጋዴዎቹ ከዶሮ ቤት የተጠረገ ጉዝጓዝ ይቀላቅሉበታል፣ እንዲበረክት። የሞተ ዶሮ አብሮ ከገባ ጀርም ይፈላበታል፣ መርዙን ይተፋል። ላሚቱ ጡንቻዋ ይዝላል፣ ሌላ ምልክት የለውም። ጥሬ ናሙናውን ስጪኝና ልየው።»

ያን መርዝ ገድለው ክትባት የሚሠሩት በምን እንደሆነ ታውቃለች፤ በፎርማሊን ነው። ማስረጃውን በገዛ እጇ ገድላ በጠርሙስ ደርድራዋለች። የቀረውን ደግሞ አቃጥላዋለች።

ሰውየው ጠርሙሶቹን አየና ገባው። አልወቀሳትም፤ ቢወቅሳት ይሻላት ነበር። «አንዷ ገና አለች አይደል?» አላት ዝቅ ብሎ። «ከሞተች ሳትቀዘቅዝ አድርሺልኝ። ትኩስ አንጀት ካገኘሁ ይበቃኛል።»

መርዝ መሆኑ ካልተረጋገጠ የሚሆነውን ሁለቱም ያውቁታል። መኖውን የሸጠለት ነጋዴ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ ለስንቱ ሸጫለሁ፤ የሱ ቤት በሽታ ገብቶበት ነው» እያለ ያወራል። የወተት መሰብሰቢያውም ከበሽታ ቤት ወተት አንቀበልም ብሎ ወንድሟን ዘግቶበታል። ቆርቆሮውን ሳይከፍቱ ያሳልፉለት የነበሩ ሰዎች አሁን መንገድ ላይ ሲያዩት እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። ሌላ ላም ቢገዛ እንኳ ወተቱን የሚቀበለው የለም። አንድ ወረቀት ላይ «በሽታ ሳይሆን መርዝ ነው» የሚል ቃል ሰፍሮ ማኅተም ካላረፈበት ወንድሟ አበቃለት።

እሷም መጠበቅ ጀመረች። ምን እንደምትጠብቅ ለራሷም አልነገረችም። በየማታው ደውላ «እሜቴ እንዴት ዋለች?» ትላለች። እሱ አጥሚት በቱቦ እንደሚግታት፣ ጎኗ እንዳይቆስል ከሚስቱ ጋር እየተጋገዙ እንደሚገለብጧት፣ አጠገቧ ጉዝጓዝ አንጥፎ እንደሚተኛ ይነግራታል። «ዛሬ ጆሮዋን ነቀነቀች» ሲላት «ጎሽ» ትላለች። ስለ ፎርማሊኑ ልትነግረው ስንቴ ጀምራ አቋረጠችው። ላሚቱ ከሞተች መንገር ላያስፈልጋት ነው፤ ማስረጃው ይገኛል፣ የወንድሟ ስም ይነጻል፣ ስህተቷም እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመጣው ክፉ ሰው ላይ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደወለ። እየጮኸና እያለቀሰ ነው። «ቶሎ ነይ! እሜቴ... ቶሎ ነይ!» አለና ተቋረጠ።

ቀልጥፋ ተነሳች። ሽርጧን እንዳገለደመች ቢላዋውን፣ ጓንቱን፣ በረዶ የሞላውን ሳጥን ይዛ የማዕከሉ መኪና ውስጥ ገባች። ለባክቴሪያው ሰው ከመንገድ ላይ ደውላ «ተዘጋጅ» አለችው። ሾፌሩን «ንዳ፣ ንዳ» እያለች አጣደፈችው። ለምን እንደቀለላት መኪናው ውስጥ ሆና ገባት፣ ገብቷትም አላፈረችም። ያፈረችው ኋላ ነው።

በረቱ ውስጥ ላሚቱ ቆማለች።

እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፣ ግን በአራት እግሯ ቆማለች። ምላሷ ወደ አፏ ተመልሷል። ወንድሟ አንገቷን አቅፎ ያለቅሳል። ሚስቱ በጭራዋ በኩል ደግፋ ይዛታለች።

«አየሻት? አየሻት ወይ?» ብሎ ዘወር አለ። ከዚያ ሽርጧን አየ። ሳጥኑን አየ። መጨረሻ ላይ ፊቷን አየው፤ የሚሆን ፊት ለማዘጋጀት ጊዜ አላገኘችም ነበር።

«ሞታለች ብለሽ ነው የመጣሽው?»

«ጋሼ...»

«ይሁን፣ እኔ ነኝ ሳልጨርስ የዘጋሁት። ግን ቆማ ስታዪያት ለምን ደነገጥሽ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሁሉንም ነገረችው፤ ፎርማሊኑን፣ ያቃጠለችውን ጆንያ፣ ትኩስ አንጀት እንደሚያስፈልግ፣ ሁሉንም። ሚስቱ «ወይኔ» አለችና አፏን ያዘች። እሱ ግን አልተቆጣም። ላሚቱን እያሻሸ አዳመጣትና ሲያበቃ ወደ ገመዱ ሄደ።

«እንግዲያው ውሰጃት» አለ። «ስሜ ከተመለሰልኝ... ውሰጃት፣ ሳልሳሳ ቶሎ ብለሽ ውሰጃት።»

«አይሆንም ጋሼ። ከቆመች መርዙ ለቋታል ማለት ነው። አሁን ብትታረድ ምንም አይገኝባትም።»

ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ነገሩን በልቡ እያገላበጠ እንደሆነ ታያት፣ የት እንደሚደርስም አውቃዋለች።

«ስለዚህ ትናንት ብትሞት ይሻለኝ ነበር።»

በሥራዋ ዋሽታ አታውቅም። «አዎ» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ገመዱን በቦታው ሰቅሎ ወደ ላሚቱ ተመለሰና ትከሻውን ከጎኗ አስደገፈ።

«እኔ እኮ» አላት፣ ሳያያት፣ «ስትነሳ ለልጆቼም አልደወልኩም። መጀመሪያ የደወልኩት ላንቺ ነው።»

ሾፌሩ ሳጥኑን ሊቀበላት መጣ። ራሷ ተሸክማ ወጣች።