ቀዩ እጣቢ

ስልኩ ሲጠራ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። የእህቴ ባል ነው። «እህትህ አረፈች» አለኝ። ካውያውን ነቀልኩና ሸሚዙን ከነጭምድዱ ለበስኩት።

እትዬ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርቅ ቀላሚ ነበረች። ፋብሪካው እጣቢውን የሚለቀው ከኋላው ወዳለው ወንዝ ነው። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ዘንድሮ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚለበስ ከውሃው ያውቁ ነበር። ግማሾቹ በዚያው ውሃ አትክልት ያጠጣሉ፤ የግማሾቹ ልጆች ፋብሪካው ውስጥ ይሠራሉ። ስለዚህ ሰፈሩ አንድ ቀን ውሃው ይጥራ ብሎ፣ በማግስቱ ፋብሪካው እንዳይዘጋ ብሎ ይሰበሰባል።

ሥራ አስኪያጁ ለነዋሪው ማጣሪያ ጉድጓድ እንደሚያስቆፍር ነገረው። ለሠራተኛው ደግሞ ወጪው እንጀራችሁን ያሳጣችኋል፣ ዝም በሉ አለው። በመጨረሻ ሁለቱንም ዝም የሚያሰኝ መላ አገኘ፤ እጣቢው ከመለቀቁ በፊት በረኪና ተጨምሮበት ቀለሙ እንዲጠፋ። መርዝ በመርዝ ላይ መጨመር ነው፤ ለዓይን ግን ይጠራል። በረኪናውን የመጨመሩ ሥራ ለእትዬ ተሰጠ። አልጨምርም አለች።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ውሃውን ሊያዩ በመጡ ዕለት እጣቢውን እንዳለ ለቀቀችው። ደም የመሰለ ውሃ በፊታቸው አለፈ።

«ማነው የከፈተው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ድሮም የሚሄደው ይኸው ነው።»

የሥራ ባልደረባዋ የእንቁራሪት ጠበቃ ብላ ሰደበቻት፤ ደመወዝሽንም እንቁራሪት ትክፈልሽ አለቻት።

እትዬም፣ «እንቁራሪቷስ ዘላ ታመልጣለች። እናትሽ ግን ከዚያው ወንዝ ነው የምትቀዳው» አለቻት።

ሽማግሌዎቹ ስላዩ ሊያባርሯት አልደፈሩም፤ ግቢ ጠራጊ አደረጓት። እሷም በየጠዋቱ የሥራ አስኪያጁን መስኮት ሥር ስትጠርግ ጉድጓዱ የት ደረሰ እያለች ትጠይቀዋለች። በጀት የለም ቢላት በማግስቱም ያንኑ ትጠይቃለች። መፈናፈኛ ሲያጣ ቁፋሮ አስጀመረ። ያኔ እሷ ታማ ተኝታ ነበር።

ቀብሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ፣ ታዛዥ ሠራተኛ ነበረች ብሎ ተናገረ።

«አልነበረችም» አልኩ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ባልደረባዋ ግን አለቀሰች።

ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ግድግዳው ገና በስሚንቶ አልተለሰነም፤ ቦዩም ወደ እሱ አልተጠለፈም። እጣቢው ዛሬም በረኪና እየተጨመረበት ወደ ወንዙ ይሄዳል።