ሚዛኑን ማንበብ አቃተኝ

ዛሬ የአደን ጠመንጃ ሱቅ ውስጥ፣ ልጄ አጠገቤ ቆማ፣ የሚዛን ቁጥር ተሳስቼ አነበብኩ።

ለአጋዘን አደን የምተኩሰውን ጥይት ቤቴ ራሴ ነኝ የምሞላው። ያገለገለውን ቀለሃ እሰበስባለሁ፣ ባሩዱን እመዝናለሁ፤ ትንሽ ከበዛ ጠመንጃው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ማንም አላስተማረኝም፤ መጽሐፍ አንብቤ ነው የቻልኩት።

የድሮው ሚዛኔ ስለተሰበረ ልጄ ከከተማችን አንድ ጫፍ ከስካርቦሮ፣ ሌላው ጫፍ ኢቶቢኮ ድረስ ነድታ ወሰደችኝ። «አባዬ፣ ዲጂታሉን ውሰድ» አለችኝ።

በባትሪ የሚሠራ ነገር አላምንም አልኳት። «ሐኪሞች ልብህ ውስጥ ያስገቡልህ መሣሪያስ በባትሪ አይደል የሚሠራው?» አለች።

ሻጩ እኔ የመረጥኩትን፣ ባትሪ የሌለውን ሚዛን አውጥቶ ትንሽ ባሩድ ጫነበትና እንዳነብለት ጠየቀኝ። ሳላመነታ ቁጥሩን ነገርኩት። ሻጩ ወደ ልጄ ዞር አለ። ልጄ ጎንበስ ብላ አየችና፣ ቀስ ብላ «አባዬ፣ እሱ እኮ አይደለም» አለችኝ።

የነገርኩት ቤቴ ሁልጊዜ የምመዝነውን ቁጥር ነው። ለካ ዳዊት በቃሉ እንደሚደግም ሰው፣ ሳላይ ነበር የማነበው።

ዲጂታሉንም አልገዛሁም። ዓይኑን የማያምን ሰው ባሩድ መንካት የለበትም። መነጽር ቀይር እንዳትሉኝ፤ ሐኪሙ ከዚህ በላይ እንደማይረዳኝ ነግሮኛል።

መኪና ውስጥ ሆኜ አብሮኝ ለሚያድነው ጓደኛዬ ደወልኩ። በቅርቡ የሞላሁልህን ጥይት እንዳትተኩስ አልኩት።

«ታዲያ አጋዘኑን በምክር ልጣለው?» አለኝ። ዓይኔ ከድቶኛል አልኩት። እሱም ድምፄን ሲሰማ ቀልዱን ተወው።

ከእንግዲህ አልሞላም።

እናንተስ በገዛ እጃችሁ የምትሠሩትን ሥራ የተዋችሁት በምን ምክንያት ነው? ጻፉልኝ፤ ልጄ ታነብልኛለች።