ሰኪናና የጋሽ ወንዳፍራሽ ትሪ

ሰኪና ኮምቦልቻ ሳለች አሥራ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምራለች። ዲቪ ደርሷት ከባለቤቷ ከአወልና ከልጇ ከሀዋ ጋር ሲያትል ከገባች በኋላ ግን ያገኘችው ሥራ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር መግፋት ነበር። ከቡሪየን አፓርታማቸው ኤርፖርቱ ቅርብ ነው። ሥራውንም አልጠላችውም። ሰው ትወዳለች፤ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ደግሞ ወሬ ይወዳል።

አንድ ቀን እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ አንዲት እናት ከአውሮፕላን ወርደው ስትገፋቸው፣ አማርኛዋን ሰሙና ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

"ሐኪሙ ብዪ ያለኝን እስቲ አንብቢልኝ" አሏት።

ወረቀቱ ለስኳር ሕመምተኛ የሚሆን ቁርስ፣ ምሳና እራት ይዘረዝራል። አጃ፣ የቱና ሳንድዊች፣ ብሮኮሊ። ሰኪና አንድ በአንድ ተረጎመችላቸው። እናትየዋ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙና፣ "እሺ፣ እንጀራውንስ ምን አለው?" አሉ።

ስለ እንጀራ አንድም ቃል አልነበረም። ሰኪና ቆሽት ምን እንደሚሠራ ለስንት ተማሪ ሰሌዳ ላይ ስላ አስረድታለች፤ እኒህ እናት ስንት እንጀራ ይብሉ ቢሏት ግን መልሱን አታውቅም። "አላውቅም እማማ" አለቻቸው፤ አፍራም እስከ በሩ ገፋቻቸው።

በዚያው ሳምንት ለአወል፣ "ልማር ነው" አለችው።

"ምን?"

"ስለ ምግብ።"

አወል ሳቀ። "አንቺን ስለ ምግብ የሚያስተምርሽ ማን ነው?" አለ። በማግሥቱ ግን አለቃውን አነጋግሮ ሽፍቱን ቀየረ፤ በሳምንት ሦስት ቀን እራት የሚሠራው እሱ ሆነ። ሀዋ መጀመሪያ አካባቢ የአባቷን ወጥ ስትቀምስ "ኢትስ ኦኬ" ብቻ ትል ነበር። ቆይታ ግን ወጥ ማስጨመር ጀመረች።

ሰኪና ከከተማው በስተሰሜን ባለ አንድ ኮሌጅ የሥነ ምግብና የጤና ትምህርት ማስተርስ ገባች። ትምህርቱ ሰውን በሙሉ ማየት ነው ይላል፤ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን እንቅልፉን፣ ቤቱን፣ እምነቱን፣ አብሮት ማዕድ የሚቀርበውን ሰው ጭምር። ሰኪና ይህን ወደደችው። ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረች፣ ከልጇ ብዙም ከማይበልጡ ተማሪዎች ጋር እየተቀመጠች ሦስት ዓመት ገፋች።

በመጨረሻው ዓመት አንድ ቡድን መርጣ ለስምንት ሳምንት እንድታስተምርና ያየችውን እንድትጽፍ ታዘዘች። የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ አዳራሽ ውስጥ፣ ስኳር ላለባቸው ያገሯ አዛውንቶች፣ ዓርብ ዓርብ ከስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንድታስተምር ተፈቀደላት። የመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ሰው መጣ። ሰኪና ግድግዳው ላይ ትልቅ የሳህን ሥዕል ለጠፈች። ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ጥራጥሬ ወይም ሥጋ፣ ሩቡ እንጀራ። ሀዋ ናት ቀለም የቀባችላት፤ ያማረ ሥዕል ነበር።

ከኋላ የተቀመጡ ረጅም ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። አቶ ወንዳፍራሽ ይባላሉ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ በጉልምስናቸው በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ።

"ልጄ፣ ይህ ሳህን የማን ነው?" አሉ።

"የአንድ ሰው ነው ጋሼ።"

"እኔ ከባለቤቴ ጋር አርባ አራት ዓመት በአንድ ትሪ ነው የበላሁት። ታዲያ ግማሹ የማን ግማሽ ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሰኪናም ሳቀች፤ ወደ ሥዕሉ ዞራም ስለ አትክልቱ ማስረዳቷን ቀጠለች። በሁለተኛው ዓርብ አራት ሰው መጣ። በሦስተኛው ጋሽ ወንዳፍራሽ ብቻ። እሳቸውም ቢሆኑ፣ "አዳራሹ ይሞቃል፣ አውቶቡሴ ደግሞ ገና ነው" አሉ እንጂ ለትምህርቱ መጣሁ አላሉም።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገብተው ነበር። ሰኪና ጾማለች፤ ጋሽ ወንዳፍራሽም ጾመዋል። ባዶ ወንበሮች መካከል ተቀምጠው ስለ ኮምቦልቻ ይጫወቱ ጀመር። የትኛው ሆቴል ያድሩ እንደነበር፣ መኪናቸውን የት ያቆሙ እንደነበር ሲነግሯት ቆይተው ድንገት ዝም አሉ። ስታያቸው ግንባራቸው ላብ አቸፍችፏል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

"ጋሼ፣ ዛሬ መድኃኒት ወስደዋል?"

"ጠዋት ውጫለሁ።"

"ምግብስ?"

"ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንዴት እበላለሁ?"

ቦርሳዋ ውስጥ ለሀዋ የገዛችው የብርቱካን ጁስ ነበር። ከፍታ ሰጠቻቸው። ሰዓታቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው" አሉ።

ሰኪና ፊታቸው ተንበረከከች። "ጋሼ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ። በማይሆን ነገር ጾምዎን ይፍቱ አልልዎትም። አሁን ግን ስኳርዎ ወርዷል፤ ሃያ ደቂቃ አይጠብቅም። ይጠጡልኝ።"

አይን አይኗን ሲያዩ ቆዩና አማትበው ጠጡ። መንቀጥቀጡ እስኪተዋቸው እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች። ሲረጋጉም፣ ይህ የመጀመሪያቸው እንዳልሆነ ነገሯት። ለሐኪማቸው መጾማቸውን ነግረውት አያውቁም።

"ብነግረው ጾም ተው ነዋ የሚለኝ" አሉ።

"እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ክኒንዎን ልለውጥልዎት አልችልም" አለቻቸው። "ግን አብሬዎት ልሂድ። አብረን እንንገረው።"

ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅዳ አብራቸው ሄደች። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ "ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልጠየቅኩም?" አለ። በጾም ወራት ክኒኑ በስንት ሰዓትና በምን መጠን እንደሚወሰድ አስተካክሎ ጻፈላቸው፤ የሚያሰጋ ነገር ሲሰማቸው ወዲያው እንዲፈቱም አስጠነቀቃቸው። ጾም ተው ግን አላለም። ጋሽ ወንዳፍራሽ ከክሊኒኩ ሲወጡ ደረታቸውን ነፍተው ነበር፤ ሰኪናንም፣ "ዓርብ ክላሱን ተይውና ቤታችን ነይ። ያን ትሪ እዪው" አሏት።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄደች። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብአየሁ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። እንግዳ ቁጭ ብሎ ሲያያቸው መብላት ሞት ሆነባቸው።

"አንቺ እየጾምሽ እኛ ፊትሽ ልንበላ?" አሉ።

"ትምህርቴ ነው እማማ። ባይበሉ ነው የምወድቀው።"

ትሪው ቀረበ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፤ እንጀራው ከዳር እስከ ዳር ተነጥፎ። ጋሽ ወንዳፍራሽ በፊታቸው ካለው ቀስ እያሉ ቆረሱ። እውነትም ብዙ የሚበሉ ሰው አይደሉም። ወይዘሮ ውብአየሁ ግን ከወዲያ በኩል ጠቅልለው ያጎርሷቸዋል፤ ወሬ እያወሩ፣ እጃቸውን ሳያዩት። ሰኪና ደብተሯ ላይ መስመር መስመር ትጥል ነበር። ሲጨርሱ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ "እንግዲህ አየሽ፤ ግማሽ እንጀራ እንኳ አልበላሁም" አሉ።

"ጋሼ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ጎርሰዋል።"

ባልና ሚስት ተያዩ። ወይዘሮ ውብአየሁ እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡ።

"እኔ ነኝ ለካ የገደልኩት" አሉ በቀስታ። "ከመንገድ ሲመለስ አጥንቱ ብቻ ነበር የሚመጣው። ሁለት ቀን ያድርና ተመልሶ ይሄዳል። በሁለት ቀን ላወፍረው ስል ነው እጄ የለመደው።"

ሰኪና ደብተሯ ላይ "ጉርሻ ይቅር" ብላ ልትጽፍ ነበር። የሴትዮዋን ፊት አይታ ተወችው።

"እማማ፣ ማጉረሱን አይተዉ። የሚያጎርሱትን እንቀይር" አለች። "ጉርሻው ጎመን ይሁን፤ እንጀራው ጎመኑን የሚይዝ ያህል ብቻ። ትሪው ላይ የሚነጠፈውም ግማሹን ይሸፍን፣ የቀረው ኩሽና ይቆይ።"

"ግማሽ ትሪ ራቁቱን?"

"እዚያ ላይ ሰላጣ እናደርግበታለን።"

ወይዘሮ ውብአየሁ አሰቡ። "እሺ፣ ሰላጣው ግን ቃሪያ ይኑረው" አሉ። ስትወጣም ለማፍጠሪያዋ ብለው ምስሩንና ጎመኑን በዕቃ ቋጥረው አስይዘዋታል። በአውቶቡሱ ውስጥ ሽታው እየፈተናት፣ በውስጧ እየሳቀች ቡሪየን ደረሰች።

ሰኞ ለፕሮፌሰሯ ሁሉንም ነገረቻት። ተማሪዎቹ እንደተበተኑ፣ ሳህኑ እንዳልሠራ፣ አንድ ባልና ሚስት ብቻ እንደቀሯት። ሥራው ውድቅ ነው ትለኛለች ብላ ጠብቃ ነበር። ፕሮፌሰሯ ግን የደብተሩን መስመሮች ቆጠረችና፣ "ሦስት ዓመት ስናስተምርሽ የነበረው ይህን ነው። ቀጥዪ" አለቻት።

ሰው የመለሱት ወይዘሮ ውብአየሁ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ለአንዷ ነገሩ፤ ያቺ ለሌላዋ ኮል አደረገች፤ በሚቀጥለው ዓርብ አሥራ ሁለት ሴቶች መጡ፣ ባሎቻቸውን እየጎተቱ። ትምህርቱ ከአዳራሹ ወደ ኩሽናው ተዛወረ። ሳህኑ ተነሥቶ ትሪ ተቀመጠ። ሴቶቹ ዘይት በማንኪያ ለክተው ሲያበስሉ ባሎች ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ረመዳኑ አልቆ ሰኪናም መቅመስ ጀመረች። ስምንት ሳምንት የተባለው አሥራ ሦስት ሆነ። ሁሉም አልተለወጠም። አንድ ሰውዬ እስከ መጨረሻው ሻያቸውን በአራት ስኳር ጠጡ፤ "መጣሁ እንጂ ቃል አልገባሁም" ይሉ ነበር። የጋሽ ወንዳፍራሽ የሦስት ወር የስኳር ልኬት ግን ከዘጠኝ ነጥብ አራት ወደ ሰባት ነጥብ ስድስት ወረደ።

ጽሑፏን ስታቀርብ አንድ ፈታኝ፣ እንዲህ ባለ ትንሽ ቡድን ምን ማለት ይቻላል ብሎ ያዛት። "ብዙ ማለት አይቻልም። ጥያቄውን ግን አግኝተናል፤ ሰው ከማን ጋር ነው የሚበላው?" አለች። ሦስተኛውን ምዕራፍ እንደገና ጻፊ ተባለች፤ ጻፈች፤ አለፈች። በምረቃው ቀን ከአወልና ከሀዋ አጠገብ ጋሽ ወንዳፍራሽ በሙሉ ልብስ፣ ወይዘሮ ውብአየሁ በነጠላ ተቀምጠው ነበር።

ዛሬ ሰኪና በአንድ ክሊኒክ የጤና አስተማሪ ናት። ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ተፈቅዶላት አንድ ሰዓት እየወሰደች አለቃዋን ታስቸግራለች። ጋሽ ወንዳፍራሽ ሐሙስ ሐሙስ ይደውሉላታል። ለስኳሩ ብለው ከባለቤታቸው ጋር በእግር መሄድ ይዘዋል፤ ዝናብ ሲሆን የሚራመዱት የገበያ ማዕከል ውስጥ ነው።

"ዛሬ ስንት ዙር ሄዱ ጋሼ?"

"ሁለት። ሦስተኛውን ስጀምር ውብአየሁ ጫማ ቤት ገባች።"

"ታዲያ ብቻዎን አይጨርሱትም ነበር?"

"ትቻት ልሂድ?" አሉ፣ በእውነት ገርሟቸው።

ሰኪና ፋይላቸው ላይ "ሁለት ዙር" ብላ ጻፈች።