ሽማግሌ የተላከባት ኦርጋን

በሕይወቴ ሽማግሌ የላክኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ለሚስቴ፣ ሌላው ለኦርጋን።

ሆሳዕና ላለው ሙዚየማችን የቆዩ ዕቃዎችን የምሰበስበው እኔ ነኝ። ሌሞ ወረዳ ውስጥ ጋሽ ሄራሞ የሚባሉ አናጺ በወጣትነታቸው ኦርጋን በእጃቸው ሠርተዋል ሲባል ሰምቼ እየበረርኩ ሄድኩ። ወሬው ውሸት አልነበረም። ወናፏ የበግ ቆዳ ነው፣ ጥቋቁሮቹ ቁልፎች ደግሞ የበሬ ቀንድ። በእግር ሲረግጧት ትተነፍሳለች!

«ለሙዚየም ይስጡን» አልኳቸው።

«ልጄን ሽማግሌ ሳትልክ ልትወስዳት?» አሉኝ። እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ምን ላድርግ? በሳምንቱ አለቃዬን፣ አጎቴንና አንድ ፓስተር ይዤ ተመለስኩ። «ተቀመጡ» እስክንባል በራፍ ላይ ቆምን። ከዚያ ጥያቄው ወረደብን። ቤቱ ያፈሳል? አይጥ አለው? ማን ይነካታል?

«ማንም አይነካትም፤ መስታወት ውስጥ ነው የምትቀመጠው» አልኩ በኩራት።

የጋሽ ሄራሞ ሚስት ደረታቸውን መቱ። «ምን አጥፍታ ነው የምትታሰረው?»

ፓስተሩ በስንት ልመና አስማሙን። ኦርጋኗ በእልልታ ጋሪ ላይ ተጫነች።

ሙዚየሙ በሚመረቅበት ዕለት እንግዶቹ ፊት መጋረጃውን በክብር ገለጥኩት። የመስታወቱ ሣጥን ባዶ ነው! አለቃዬ አፈጠጠብኝ። ወደ ዘበኛው ሮጥኩ።

«ጠዋት ቤተሰቦቿ በጋሪ መጥተው ለመልስ ወሰዷት» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ሙሽራውም የቡላ አተካናው ሳይቀዘቅዝ ቶሎ ይድረስ ብለዋል።»