ድንኳኑን አስገቢበት

የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ተኝቼ ሳለ ሊጠይቀኝ ያልመጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ካዛንቺስ ሲፈርስ በየኮንዶሚኒየሙ የተበተኑት የድሮ ጎረቤቶቼ ታክሲ እየቀያየሩ፣ ብርቱካናቸውን በፌስታል አንጠልጥለው መጥተዋል። የእድራችን ዳኛ እንኳን ጉልበቱን እያመመው ደረጃውን ወጥቶ ጠይቆኛል። የቀረችው አንዲት ሰው ናት። እሷ ደግሞ ከሁሉም በፊት መድረስ የነበረባት ናት።

ጓደኛዬ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ለገሃር አካባቢ ካለ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ቤቶቻችን እስኪፈርሱ ድረስ ከእሷ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የስፌት መኪናዋ ነበር። ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ለእሷ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ እኔ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ዕቃ በጫንንበት ቀን እንኳን የጋራ በርሜላችን የማን ነው ብለን ተጨቃጭቀን፣ ተሳስቀን፣ በመጨረሻ ለሾፌሩ ሰጥተነው ነው የተለያየነው።

ልጄን ስለ እሷ ስጠይቀው «ጸበል ሄዳለች፤ እዚያ ኔትወርክ የለም» ይለኛል። መጀመሪያ አመንኩት። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን አመረርኩ። «እኔ ሞቼ ቢሆንስ? ለቀብሬም ኔትወርክ አልነበረም ልትል ነው?» አልኩት። ልጄ ተነስቶ መድኃኒቴን አመጣልኝ። ከዚያ ወዲያ ስሟን አላነሳም፣ ብትመጣም በር አልከፍትላትም ብዬ ማልኩ። እኔ ስቀየም እንዲህ ነኝ፤ ጥሩ አይደለም፣ ግን ነኝ።

በዚህ መሀል ነው የሰፈራችን ልጅ ደውላ የጠራችኝ። የፊልም ተማሪ ናት፤ የመመረቂያ ፊልሟን የሠራችው በፈረሰው ሰፈራችን ላይ ነው። ቤቱ ሲፈርስም ሰዉ ከተበተነ በኋላም ካሜራዋን ይዛ እድርተኛውን ስትከተል ከርማለች። መምህሯ የፊልሙን ማስታወቂያ፣ እነሱ ትሬለር የሚሉትን፣ ለተመልካች አሳይታ በሚሰጣት አስተያየት እንድታስተካክለው አዟታል።

የተሰበሰብነው ቂርቆስ፣ የአንድ እድርተኛችን ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ከግድግዳው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘች፤ አስተናጋጇ ኳስ የሚያዩትን ተለማምጣ ወደ በረንዳ አስወጣችልን። ከዚያ አየን። ቆርቆሮ፣ ግሬደር፣ አቧራ፣ እንደገና ቆርቆሮ። ከሥሩ የሚያላዝን ሙዚቃ። አለቀ።

«እሺ፣ ማለቴ… ኮሜንታችሁን ነው የምፈልገው» አለች ልጅቷ። «በቃ የተሰማችሁን ንገሩኝ። የቱ ጋ ሰለቻችሁ? ፊልሙን ለማየትስ ትመጣላችሁ?»

ሁሉም «ጎበዝ»፣ «ተባረኪ»፣ «ለቁም ነገር ያብቃሽ» አለ። የእኛ ሰው አስተያየት ስጥ ሲባል መመረቅ ነው የሚያውቀው።

«እኔ አልመጣም» አልኩ።

«ለምን እትዬ?»

«ቆርቆሮ ለማየት ምን አስወጣኝ? ሰው የታለ? ሰፈር ማለት ቤቱ ነው እንዴ? ካዛንቺስ ካዛንቺስ የሚሆነው ሰው ሲሞት ነበር። ድንኳኑ ሲተከል፣ ወንዱ አግዳሚ ወንበር ሲሸከም፣ ሴቱ ሲያለቅስ። ማን ከማን ጋር እንደኖረ የሚታወቀው እዚያ ነው። ድንኳኑን አስገቢበት! መጀመሪያው ላይ አድርጊው።»

የእድሩ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገና «ግዴለም ልጄ፣ ድንኳኑ ይቅር። ሰው ይረበሻል» አላት። አጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ደግሞ ሲቃወሙኝ ይብስብኛል። «ሰው ካልተረበሸ ፊልሙ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጮህኩበት። ዳኛው መሬት መሬቱን አየ።

የልጅቷ ፊት ግን በራ። «ክላሳችን ያሉት ልጆችም ይህንኑ ነው ያሉኝ እትዬ፤ ፊል የለውም፣ ስሜት አይነካም፣ ሰው የለበትም ነው ያሉት» አለችና የተናገርኩትን ስልኳ ላይ ጻፈችው። ደስ አለኝ። ከታመምኩ ወዲህ የምናገረውን ቁም ነገር ብሎ የሚጽፍ ሰው አግኝቼ አላውቅም ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ልጅቷ ቤቴ መጣች። ለአከራዬ በር ላይ «ፊልም ላሳያቸው ነው» ስትላት ሰማኋት። ልጄ ሥራ ላይ ነው፣ ብቻዬን ነኝ። «ፊት ለፊት የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ መጀመሪያ ለእርስዎ ላሳይ ብዬ ነው» አለች። አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ኮምፒውተሩን ወንበር ላይ አደረገችው።

ሙዚቃው ወጥቷል። ገመድ ይሳባል፣ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መሀል የእድራችን ድንኳን ቀስ ብሎ ይነሳል። «እንዲህ ነው እንጂ!» አልኩ። የእድሩ ዳኛ ወንበር ያስደረድራል። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ፤ እያንዳንዳቸውን በአካሄዳቸው አወቅኋቸው። ይህ ሁሉ ሰው ያለበት ልቅሶ ላይ እኔ እንዴት ቀረሁ ብዬ ማሰብ ስጀምር፣ ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ወደ ቆመ ፎቶ ተጠጋ።

መጀመሪያ የለየሁት እጄን ነው። ልጄ የተመረቀ ዕለት ሁለታችን ተቃቅፈን የተነሳነው ፎቶ ነበር። ለልቅሶው በትልቁ ሲያሳጥቡት እኔን ቆርጠው አውጥተውኛል፤ ትከሻዋ ላይ ያረፈው እጄ ግን ከነሰዓቱ ቀርቷል። የማን ትከሻ እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን ማየት አያስፈልገኝም ነበር። አየሁት። እየሳቀች ነው።

«አቁሚው» አልኩ።

አቆመችው። «በዛ እንዴ እትዬ? ላሳጥረው?»

«መቼ ነው የሞተችው?»

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። «እርስዎ ሆስፒታል የገቡ ሰሞን… ስኳሯ ተነስቶባት። እንዴ እትዬ፣ አልነገሩዎትም? እኔ እኮ… ቆይቷል፣ ተረድተዋል ብዬ ነው። ደግሞ ራስዎ ድንኳኑን አስገቢ ሲሉኝ፣ ማለቴ…» አለች።

ኋላ እንደሰማሁት፣ እኔን ድንጋጤ እንዳያገኘኝ ብሎ ሐኪሙ አስጠንቅቋቸው ኖሯል። ትንሽ ትጠንክር እያሉ፣ ልጄ ዳኛው ያርዳት ሲል፣ ዳኛው ልጇ ይንገራት ሲል ወራት አለፉ። በእኛ ደንብ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ከግራና ቀኝ ደግፎ ይዞ። እኔ መርዶዬን የሰማሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከአንዲት ተማሪ ጋር፣ አስተያየት ስጪ ተብዬ ነው።

ከሞቷ ይልቅ በዚያች ሰዓት የፈጀኝ ቂሜ ነበር። አልጠየቀችኝም ብዬ ያኮረፍኩት አፈር የለበሰችን ሰው ነው። በር አልከፍትላትም ብዬ የማልኩባት እሷ ናት። ድንኳኗ ተነቅሎ፣ ሰልስቷ ወጥቶ፣ ሰዉ ሁሉ አልቅሶላት ሲጨርስ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተኝቼ እየረገምኳት ነበር።

«አወጣዋለሁ እትዬ፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» እያለች ልጅቷ ታለቅሳለች።

«አታውጪው» አልኳት። «እዚያ ልቅሶ ላይ እኔ ያለሁት በዚህች እጅ ብቻ ነው። አንድ ፍሬ እንዳትቆርጪ።»

እሺ አለችና ኮምፒውተሩን ከደነችው።

ያን ጊዜ ጩኸቴን ለቀቅሁት። ደረቴን ልመታ እጄን ሳነሳ ልጅቷ ተንጠልጥላ ያዘችኝ፤ በቀዶ ሕክምናው የተከፈተው የደረቴ አጥንት ገና አልጠናም ነበር። እንደ ሰው ደረቴን መትቼ እንኳን ላለቅስላት አልቻልኩም። ስለዚህ በድምፄ ብቻ አለቀስኩ፤ ስሟን እየጠራሁ፣ «መጣሁልሽ» እያልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ። የድሮው ግቢያችን ቢሆን ከመጀመሪያዋ ጩኸት በኋላ ነጠላ ሳይለብሱ፣ ጫማ ሳያጠልቁ ሮጠው ይገቡ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። አከራዬ ናት።

«እባካችሁ የፊልሙን ድምፅ ቀንሱት» አለች ከውጭ ሆና።