የመልካው ተራ

አባቴ ስብሰባ ላይ መናገር ይወዳል። በባሮ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን በማታር ለብዙ ዘመን ስላስተማረ ሰውም ያዳምጠዋል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ከእሱ ጋር በተቀመጥኩበት በጋ፣ ከባሮ ማዶ ባለው አገር የነበረው ጦርነት ወደ እኛ እየተጠጋ ነበር። ታጣቂዎቹ ውሃው ሲጎድል ተሻግረው ከተማዋን ሊይዙ ነው ተባለ። ወታደሩ ጥቂት ስለነበር፣ ከብት የሚሻገርበትን መልካ የመጠበቁ ሥራ ለነዋሪው ተሰጠ።

ቀበሌው በጠራው ስብሰባ አባቴ ተነሳ። "አገር የሚጠበቀው በወታደር ብቻ አይደለም" አለ። "ደገኛ ነኝ፣ ነጋዴ ነኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ማለት አይሠራም። ከየቤቱ አንድ ወንድ ይውጣ።" ተጨበጨበለት። እኔም ከኋላ ሆኜ አጨበጨብኩ።

ተራው የሚታወቀው በአንድ ቢጫ ጀሪካን ነበር። ተረኛው የሚጠጣውን ውሃ ሞልቶበት ይወርዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ሲመለስ ቀጣዩ ቤት ደጃፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ጀሪካኑን ደጁ ላይ ያገኘ ሰው ጠሪ አይጠብቅም።

ጎረቤታችን ዓሣ አጥማጅ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ተራው የእኛ ነበር። እሱ በወረደ ቀን አባቴ ፒክአፕ ይዞ መጣ። ጋምቤላ አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ፍራሹንና ቴሌቪዥኑን ጫነ።

"ቴሌቪዥኑ ለምን?" አልኩት።

"ላስጠግነው ነው። አንቺም መኪናው ላይ ውጪ።"

ቴሌቪዥኑ ደህና ነበር፤ የዚያኑ ቀን ዜና አይተንበታል። ጎረቤቶች በየደጃቸው ቆመው ያዩናል። እነሱ እያዩኝ መኪናው ላይ መውጣት አሳፈረኝና ቀረሁ። አባቴ ተቆጣ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ከዚያ ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ዓሣ አጥማጁ ጀሪካኑን ይዞ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

"መምህር የታለ?"

"የለም" አልኩ።

የጎማውን ዱካ አየ። ጀሪካኑን አላስቀመጠውም። "ታሟል" አለ።

"አልታመመም።"

"ታሟል። አንቺ ዝም በይ" አለና ሳይተኛ ተመልሶ ወደ መልካው ወረደ።

እኩለ ቀን ላይ ፓስታ ሠርቼ ወሰድኩለት። ዛፍ ሥር ከተቀመጡት ጠባቂዎች አንዱ ጎረምሳ፣ "የመምህር ልጅ፣ አባትሽ ታንክ ሊያመጣልን ነው የሄደው?" አለኝ።

"ወባ ይዞት ሆስፒታል ነው" አለ ዓሣ አጥማጁ።

"በቴሌቪዥን ነው የሚያክሙት?"

"ወረፋው ረጅም ነው፤ እስኪደርሰው ያያል። አንተን ወባ ሲይዝህ እናትህን እየጠራህ አልነበር?"

ሁሉም ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ማንም ወደ እኔ አላየም። ሆን ብለው እንደሆነ ገባኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ሳህኑን ሳልቀበል ተመለስኩ።

ያኔ ማንም አልተሻገረም። ደጋው ላይ ዘነበና ባሮ ሞላ፤ መልካውም ተዘጋ። አባቴ ቴሌቪዥኑን ይዞ ተመለሰ። ዓሣ አጥማጁ ሊያወርድለት መጣ። አማርኛን ካደገ በኋላ የለመደው ስለሆነ ሁሉንም አንተ ነው የሚለው።

"መምህር፣ ወባው ለቀቀህ?"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነጠላ ጫማዬን አያለሁ።

"ለቀቀኝ" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይጠራው ጎረቤት ደጃፍ ሄዶ ቆመ። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ።

"ጀሪካኑን ስጠኝ። ተራዬ ነው፤ ልውረድ።"

"የምን ተራ? ወንዙ ሞልቷል፤ አሁን እሱ ይጠብቃል። ጀሪካኑን ሚስቴ ይዛው ሄደች፤ ልብስ እያጠበች ነው።"

አባቴ ባዶ እጁን ተመለሰ። አጥሩ አጠገብ እንደነበርኩ አውቋል። ቀበሌው በሚቀጥለው ጊዜ ስብሰባ ሲጠራ አብረን ሄድን። ፊት ወንበር ይዘውለት ነበር። እሱ ግን ከኋላ እኔ አጠገብ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ "መምህር ምን ይላል?" ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ሁለታችንም መሬት መሬት እናያለን።